ስፖርቱ ተስማማኝ

ሚዛን ላይ ወጥቼ የደነገጥኩት ድንጋጤ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። በዕድሜዬ ብዙ ነገር አስደንግጦኛል። ጅብ አስደንግጦኛል። ጎርፍ አስደንግጦኛል። የመጨረሻው ልጄ ፀጉሩን ቢጫ ተቀብቶ ከአዳማ የመጣ ቀንማ ሌላ ሰው ቤቴ የገባ መስሎኝ በመጥረጊያ አባርሬዋለሁ። ግን መሬት ላይ ዝም ብላ የተኛች፣ ከትሪ የማትበልጥ መስታወት ሰውን እንዲህ ታስደነግጣለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ኢክራም ትጽፋለች። እሷ አስተማሪ ናት፣ እኔ የትምህርት ቤት በር በውጭ በኩል ብቻ ነው የማውቀው። ስለዚህ ፊደሉ የሷ፣ ወሬው የኔ ነው። "አኮ፣ ይሄንንስ አልጽፍም" ብላ የተወችው ካለ እሱ ነው ጥሩው። (አኮ ማለት በኛ አያት ማለት ነው። እሱን እንኳ ጽፋዋለች።)

መነሻው ጉልበቴ ነው። ቀኝ ጉልበቴ አልታጠፍ ካለ ዓመት አልፎታል። ሰው ጉልበት ሲባል የመንገድ ነገር ይመስለዋል። እኔን መንገዱ አላንገበገበኝም፤ ባጃጅ አለ። እኔን ያንገበገበኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገዴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ግንባሬን መሬት አስነክቼ የኖርኩ ሴትዮ፣ አሁን እንደ ስብሰባ መሪ ወንበር ላይ ተኮፍሼ ጌታዬን ሳናግር ሀፍረት ይውጠኛል። ይፈቀዳል፣ ሼኻችንም ነግረውኛል፣ ለታመመ ሰው ችግር የለውም። ቢሆንም ሱጁድ ላይ፣ ግንባር መሬት የሚነካበት ላይ ስደርስ ባንገቴ ብቻ ጎንበስ እላለሁ፣ መሬቱም ከሩቅ ያየኛል። ተያይተን እንለያያለን። ዓመት ሙሉ ከመሬት ጋር እንደተጣላ ሰው በሩቁ።

ኢክራም ይዛኝ ጤና ጣቢያ ሄድን። ያየኝ ነርስ ይበልጣል ይባላል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ እዚህ አሰላ ሁለት ዓመት ኖሮም ብርዱን አልለመደውም፣ ከነጩ ልብሱ ሥር ሁለት ሹራብ ይደርባል።

"እማማ፣ እስቲ እዚች ላይ ይውጡልኝ" አለኝ።

"ምንድን ናት?"

"ሚዛን ናት።"

እኔ የማውቀው ሚዛን የገብስ ነው። ሰው የሚመዘነው አንዴ ሲወለድ ነው፣ ከዚያ በኋላማ ማን ሊገዛው ነው? ግን የሰው ልጅ ልብ ላለመስበር ወጣሁ። ሰማንያ አንድ አለች።

"ጉልበትዎ የከፋ ነገር የለውም" አለኝ ይበልጣል። "ሸክም በዝቶበት ነው። በሦስት ወር አምስት ኪሎ ይቀንሱልኝ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። ያኔ መታጠፍ ይጀምራል።"

"መሬት ድረስ?"

"መሬት ድረስ።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። ስለ ጨው ተናገረ፣ ስለ ስኳር ተናገረ፣ እኔ "መሬት ድረስ" የሚለውን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ኢክራም ነጭ ስኒከር ገዝታ መጣች። ሶሉ እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ ነው። ሳደርገው ከፍ አልኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ እጄ ደረሰ። ትእዛዙም ከጫማው ጋር መጣ።

"አኮ፣ ፈጠን ፈጠን ብለሽ ሂጂ። እጅሽን አወናጭፊ። ነጠላው እንዳይዝሽ ወገብሽ ላይ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው። መንገድ ላይ እየቆምሽ እንዳታወሪ!"

አሁን አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ይነቃል። እኛ ዘንድ አንዲት አሮጊት በማለዳ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሰው ሳታናግር፣ እጇን እያወናጨፈች ፈጥና ከሄደች አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሞቷል። ይሄን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስንት ለቅሶ እንዲያ ታጥቄ ሄጃለሁ። ግን ሐሳቤ ሁሉ ጫማው ላይ ነበር።

ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ወጣሁ። ንፋሱ ከጭላሎ ተራራ ቀጥታ ፊቴ ላይ ይመጣል። የጭላሎን ንፋስ ለማታውቁ፣ ዓይን ያስነባል። እንባዬ በሁለቱም ጉንጬ እየወረደ፣ ነጠላዬን ታጥቄ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ቁልቁል ወረድኩ። ጎሚስታው ጋ ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ሞሚና ናት። ሞሚና ጎረቤቴም የልጅነት ጓደኛዬም ናት፣ ከድሮም ጀምሮ እንደ መቃ የቀጠነች። እሷም ታጥቃለች።

ደስ አለኝ። ስፖርት ልትሠራ አብራኝ የወጣች መሰለኝ።

"ነይ፣ ነይ፣ ፈጠን በይ!" አልኳት።

ራሷን በኀዘን ነቀነቀች። ብርዱ ነው አልኩ።

ለቅሶ የሚገሰግስን ሰው አቁሞ ማን ሞተ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ታጥቆ መከተል ነው፣ ስትደርስ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ማንም አልጠየቀኝም። ትንሽ ሄጄ ስዞር አምስት ሴቶች ሆነዋል። አስፋልቱን ስሻገር ዘጠኝ። አንድ ባጃጅ ቆሞ አሳለፈን፤ ነጂው ኮፍያውን አወለቀ። እኔ በልቤ፣ "ያ ረቢ፣ ይሄ ከተማ እንዲህ ለጤናው ይጨነቃል እንዴ!" እያልኩ ነበር። እንዲያውም ልቤ ትንሽ አብጧል። በአንድ ቀን ይሄን ሁሉ ሴት ማስነሳት ቀላል ነው?

የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ቃሲም በር ላይ ስደርስ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። በሩን ተደገፍኩ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ አንድ እጄ ደረቴ ላይ፣ እንባዬ አልቆመም። ሐጂ ቃሲም ደግሞ ያን ሰሞን ጉንፋን ጥሏቸው ከቤት አልወጡም ነበር።

ከኋላዬ ሞሚና "ዋይ! ሐጂን!" ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ያፈነዱት። እኔን ገፍተው፣ በሩን ከፍተው፣ ግቢውን በእሪታ ሞሉት። እኔም ተገፍቼ ገባሁ። ሁሉ ሲያለቅስ ዝም ብሎ መቆም አይቻልም፤ ለምን እንደማለቅስ ሳላውቅ አለቀስኩ። "ማታ ደህና እያለ፣ ሐጂዬ ደህና እያለ!" እያልኩ ነበር፣ ማታ እንኳ አላየኋቸውም።

የቤቱ በር ተከፈተ። ሐጂ ቃሲም ራሳቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መፋቂያ በአፋቸው ይዘው ወጡ።

"ምንድን ነው? ማን ሞተ?" አሉ።

ሴቱ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ሞሚና፣ እሷ መዋሸት አትችልም፣ ከልጅነቷም አትችልም፣ በቀጭን ድምፅ፣

"እርስዎ" አለች።

"እኔ?" መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ። እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩና፣ "አልነገርሽኝም እኮ!" አሏት።

የዚያን ሁሉ ሴት ዓይን ወደኔ ሲዞር ተሰማኝ። ምን ልበል? "እኔ እኮ ስፖርት ላይ ነኝ" አልኩ። ወላሂ፣ ከሞቱ ይልቅ ያ ቃል አስደነገጣቸው። አንዷ "አዑዙ ቢላህ" ስትል ሰምቻታለሁ።

እንግዲህ የሚቆጡ መስሎኝ ነጠላዬን መፍታት ጀመርኩ። ሐጂ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ፣ አሰቡ፣ አሰቡና፣ "ይሄማ በከንቱ አይደለም" አሉ። "ለቅሶዬን ቆሜ አየሁት። ማን እንደመጣ ማን እንዳልመጣም አየሁ። ይሄ ለስንት ሰው ይደርሳል? ሰደቃ ነው ያለብኝ። በጉን አምጡት!"

በጉ ታረደ። ለስፖርት የወጣሁት ሴትዮ እስከ ቀትር ድረስ ሐጂ ቃሲም ቤት የበግ ወጥ ስበላ ዋልኩ። አልበላም ብዬ ነበር እኮ። ግን አስቡት፣ ሰውየው ባለመሞቱ ለሰጠው ሰደቃ አልበላም ማለት ምን ማለት ነው? ብትሞት ይሻል ነበር ማለት አይደለም? ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ፣ ይጠራጠሩኛል ብዬ።

ከዚያ ቀን አንድ ነገር ተማርኩ። በዚህ ከተማ አሮጊት ያለ ምክንያት መንገድ መሄድ አትችልም። አላፊ አግዳሚው "አካም ቡልቴ፣ አዴ? ወዴት ነው?" ይላል። እንዴት አደርሽ እናቴ ብሎ፣ ወዴት ብሎ፣ መልስ ይጠብቃል። "የትም" ብላችሁ ሞክሩት። እኔ ሞክሬዋለሁ። አንዱ እጄን ይዞ ቤቴ መለሰኝ፣ ልቧ ተነክቷል ብሎ። ሌላዋ ከምራቴ ጋር የተጣላሁ መስሏት ልታስታርቀን መጣች። ምራቴ ያለችው አቦምሳ ነው።

ስለዚህ ምክንያት አበጀሁ። በየቀኑ አንድ ሰው ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ መንገዱም ሄደልኝ፣ ምክንያቱም ተገኘልኝ። ሰኞ አራስ ጥየቃ። ማክሰኞ እግሩ የተሰበረ። ረቡዕ ልጇን ለዳረች እንኳን ደስ ያለሽ። አንዱ ጋ ለመድረስ ደግሞ የሦስት ሰው በር ማለፍ አለ። በር ላይ አልፎ አለመግባት ይቻላል እንዴ? ኋላ "አዴ ነጭ ጫማ ካደረጉ ወዲህ ናቁን" ይባላል።

አራስ ቤት መርቃ ነው፣ ገንፎው ማለት ነው፤ የገብስ፣ መሃሉ ላይ ቅቤው እንደ ዝዋይ ሐይቅ የተንጣለለ። ለአራሷ ነው የተሠራው፣ አራሷ ግን ብቻዋን አትበላም። የተሰበረው ቤት ጭኮ አለ። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤና በቅመም የታሸ፣ ለአጥንት ጥሩ ነው፤ ለተሰበረውም ላልተሰበረውም። ሌላው ቤት ኢቲቱ፣ ቅል ውስጥ ሰንብቶ ረግቶ በማንኪያ የሚቆረጥ ወተት። ይሄን ሁሉ ግን አልበላሁም። ቀመስኩ ነው የሚባለው። ሰው ቤት የሚቀመስ ነገር ምግብ ውስጥ አይገባም፤ እሱ የሰው ፊት ማየት ነው፣ ሰላምታ ነው። ምግብ ማለት ቤትሽ ተቀምጠሽ የምትበይው ነው።

ቤቴ ውስጥማ ምን በላሁ? እራቴን ትቻለሁ። ሻዬ ስኳር የለውም። ምሳ ግማሽ እንጀራ፣ እሱንም ሳልጨርስ ወደ ጎን አደርጋለሁ፣ አይገባልኝም። ኢክራም አይታ "አኮ፣ እንዲህ ትጨክኛለሽ ብዬ አላሰብኩም!" አለችኝ። እኔም ራሴን አደነቅኩ።

ወሩ ሲሞላ ኮርቼ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ማንም ሳይነግረኝ ሚዛኗ ላይ ወጣሁ።

ሰማንያ አራት።

"ወርጄ ልውጣ" አልኩት። ወርጄ ወጣሁ። ሰማንያ አራት። ጫማዬን አወለቅኩ። ነጠላዬን ለኢክራም ሰጠሁ። የብር አምባሬን አወለቅኩ። ውስጤ ያለውን ትንፋሽ ሁሉ አወጣሁ። ሰማንያ አራት፣ ፍንክች የለም!

"አንተ ውጣ እስቲ" አልኩት ይበልጣልን። ወጣ። ሃምሳ ስድስት። ለልጁ አዘንኩለት እንጂ ሚዛኗን አላመንኳትም። ቀጥታ ገብስ ተራ ሄድኩ፣ የማውቃት ሚዛን ጋ። ተሸካሚዎቹ ደግፈው አወጡኝ፣ አንዱ ብረቱን ወዲያ ወዲህ አደረገና፣

"አዴ፣ ኩንታል ሊሞሉ እኮ ትንሽ ነው የቀረዎት!" አለኝ።

"አንተ ባለጌ! ስንት ነው?"

"ሰማንያ አምስት።"

አስቡት። ከጤና ጣቢያ ገብስ ተራ ስሄድ፣ በእግሬ፣ አንድ ኪሎ ጨመርኩ። ከሚዛኑ ላይ ስወርድ የባለመጋዘኑ እናት ድንጋጤዬን አይታ ቀዝቃዛ ውሃና አንድ ጣባ በሶ ሰጠችኝ፣ ልቤ እንዲመለስ።

ከሁሉ የገረመኝ ሴቶቹ ናቸው። እኔ ሐዘን ላይ ነኝ፣ እነሱ በየደረስኩበት "ማሻአላህ! ማሻአላህ! ስፖርቱ ተስማማሽ!" ይላሉ። "ፊትሽ ሞላ! ዳሌሽ ተመለሰ!" ይላሉ። አንድ ቀን ሞሚና ስኒከር አድርጋ ደጄ ላይ ቆማለች።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"እኔም ልሥራ" አለች። "ከሥጋ ልገናኝ ብዬ ስንት ዘመን አብሽ ጠጣሁ። መድኃኒቱ ስፖርት ነው ለካ፣ ደብቀሽን!"

"አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ልቀንስ ነው እኮ የምሄደው!"

"ተይ እባክሽ" አለች፣ በጣም እየሳቀች። "ሰው ለመቀነስ ይደክማል?"

በሁለተኛው ወር ሰማንያ ሰባት ሆንኩ። አሁን የደነገጠው ይበልጣል ነው። ወንበሩን ወደኔ ሳበ።

"እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ይበላሉ?"

ነገርኩት። ሻይ ያለ ስኳር፣ ግማሽ እንጀራ፣ እራት የለም። ኢክራም "እውነት ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ" አለች። እሷ ቀን ክፍል ውስጥ ናት፣ የምታየውን ነው የመሰከረችው።

"ምን ያህል ይሄዳሉ?"

"ከሱብሂ በኋላ ወጥቼ ለዙሁር፣ ለቀትር ሶላት እመለሳለሁ።"

እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። "ስድስት ሰዓት ሙሉ? በየቀኑ?"

"አርብ ትንሽ ይቀንሳል።"

"እማማ፣ እዚህ አገር የሚሮጡት ወጣቶች እንኳ ይሄን ያህል አይሠሩም!" ደሜን ቀዱ። ሽንቴን አዩ። አንገቴን ዳበሰው፣ እንቅርት ይሆናል ብሎ። ምንም የለም። ልጁ ራሱን ያዘ። ያነበበው መጽሐፍ ሁሉ ስለኔ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር የማየው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ። አንድ ወር ቀርቶኛል። አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሼ ልደርስ ነው? የማልታጠፍ ሆኜ፣ ወንበር ላይ እንደተኮፈስኩ ልሞት ነው በቃ። እንባዬ መጣ፣ ያን ቀን ንፋስ አልነበረም።

ይበልጣል አየኝ። "አይዞዎት። ቅዳሜ ሥራ የለኝም" አለ። "አብሬዎት ልሂድ። አካሄድዎን ልየው።"

ቅዳሜ በማለዳ ቱታ ለብሶ፣ ከላይ ሦስት ሹራብ ደርቦ መጣ። እርምጃ የሚቆጥር ስልክ ይዟል። ሞሚናም አለች። ስልኩ ሁለት መቶ ሳይቆጥር የመጀመሪያው በር ደረስን።

"እዚህ አራስ አለች፤ እናንተ እንኳን ማርያም ማረሽ እንደምትሉት፣ እኔም እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ ብዬ ልውጣ" አልኩት።

"ይግቡ፣ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ" አለ።

ውጭ! የአራሷ እናት ሰምታ ወጣች። "ዶክተር ነው ውጭ የቆመው?" እጁን ይዛ አስገባችው። "ቁርስ በልቻለሁ" አለ፣ ማን ይሰማዋል? "ሥጋ የለበትም፣ አትጨነቅ፤ ጾም ነው እንዴ እናንተ?" አለችው።

"አይ፣ ጾም እንኳ አይደለም..."

"እንግዲያው ብላ!"

ቀመሰ። ማንኪያውን እንደገና ገንፎው ውስጥ ከተተ። "ይሄ ምንድን ነው የሚባለው?" አለ ቀስ ብሎ። ነገሩት። ሁለተኛው ቤት ጭኮ ቀመሰ። ሦስተኛው ቤት ኢቲቱ ቆረጡለት። ያን ጊዜ ነው የተናገረው፤ ሁለት ዓመት አሰላ ሲኖር የሰው ቤት ሲገባ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ተከራይቶ ብቻውን ማካሮኒ ይቀቅላል። ሁለት ዓመት ማካሮኒ! ይሄን የሰማችው ባለቤት ጨመረችለት። ሞሚና ጨመረችለት። እኔም ከራሴ አሻገርኩለት።

አራተኛው በር ላይ ስልኩ ገና ሁለት ሺህ እንኳ አልሞላም፣ እሱ ግን ከሦስቱ ሹራብ ሁለቱን አውልቋል። ላቡ ግንባሩ ላይ ነው። ቆመና ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"እማማ... በየቀኑ እንዲህ ነው የሚበሉት?"

"የት በላሁ?" አልኩት፣ ከልቤ ደንግጬ። "ቀመስኩ እንጂ!"

የሰው ፊት እንዲያ ሲለዋወጥ አይቼ አላውቅም። ሊስቅ ነው፣ ሊያለቅስ ነው፣ ሊያገሳ ነው፣ አልለየሁም። "ቀመስኩ" አለ። "መጽሐፉ ላይ ይሄ የለም" አለ።

ያን ቀን በሱ ጨዋታ ዘግይተን ዙሁር ሞሚና ቤት ደረሰብን። እኔ ለዙሁር ሁሌ ቤቴ እመለሳለሁ፣ ወንበሬ እዚያ ስላለ። ሞሚና ቤት ወንበር የለም፤ ፍራሽና ምንጣፍ ነው። ውዱእ አደረግኩ፣ ለሶላት ታጠብኩ። ይበልጣል ለክብር ብሎ በሩ ጋ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀመጠ፣ ቀበቶውን ሲያላላ ሰምቻለሁ።

"ፍራሹ ላይ ሁኚና ስገጂ" አለችኝ ሞሚና።

ቆሜ ልጀምርና ሱጁድ ላይ ስደርስ ፍራሹ ላይ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ። ቆምኩ። ቁርአኔን ቀራሁ። ጎነበስኩ፣ ተነሳሁ። ከዚያ ልቀመጥ ስል እግሬ ወደ ለመደው፣ ወደ ድሮው ሄደ። ጉልበቴ ጓ አለ። መሸሽ ፈለግኩ፣ ረፍዷል። ሌላኛው ጉልበቴ ተከተለ። እጄ ምንጣፍ ነካ። ከዚያ ግንባሬ።

ግንባሬ መሬት ነካ።

ያንን ድንጋጤ ከምን ላወዳድረው? በሰማንያ ሰባት ኪሎ! የቅቤው ጉዳይ ሚዛኗ ላይ ወጥቷል፣ የመንገዱ ጉዳይ ግን ጉልበቴ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር ለካ። ምንጣፉ ይሻክራል፣ ሥሩ ያለው ወለል ይቀዘቅዛል። ዓመት ሙሉ በሩቁ ያየሁት መሬት ይሄው ፊቴ ላይ ነው። እንባዬ በአፍንጫዬ በኩል ወደ ምንጣፉ ወረደ። ያለኝን ሁሉ ምስጋና ተናገርኩ። ከዚያ ልነሳ ስል፣

አልተነሳሁም።

እንደገና ሞከርኩ። ከመሬት ጋር ታርቄ መሬት አልለቅ አለኝ። ታዲያ ሱጁድ ላይ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? ዱዓ ያደርጋል። ለልጆቼ አደረግኩ። ለልጅ ልጆቼ። ለሞቱት በየስማቸው። ሞክሬ አልተነሳሁም። ለጎረቤት አደረግኩ፣ ለክረምቱ ገብስ አደረግኩ፣ ለባጃጅ ነጂዎች ሁሉ አደረግኩ። ለሞሚና ድመት አደረግኩ፣ እግሬ ላይ ወጥታ ተኝታለች።

ሞሚና ለይበልጣል ስታንሾካሹክ ይሰማኛል። "አየህ የሷን ሱጁድ? እንዲህ የሚሰግድ ሰው ቀረ እኮ!"

ትንሽ ቆይቶ እሱ፣ "ደህና ናቸው ግን?" አለ።

"ዝም በል፣ ጌታዋን እያናገረች ነው።"

"ይሄን ያህል ጊዜ?"

"ብዙ የምትለው አላት።"

የማውቀው ሰው ሁሉ አለቀብኝ። "ሞሚና" አልኩ ከምንጣፉ ውስጥ። "አንሱኝ።"

ይበልጣል ዘሎ መጣ፤ ሞሚና ጮኸችበት። "በእጅህ እንዳትነካት! ውዱእዋ ይበላሻል!" ጋቢ አመጣች። በብብቴ ሥር አሳለፉት፣ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ጫፍ እሱ። አንዷ መቃ፣ አንዱ ኢቲቱ የጠገበ። በመጀመሪያው ሙከራ እነሱ ፍራሹ ላይ ወደቁ፣ እኔ እዚያው ነኝ። በሁለተኛው እንደ ገብስ ጆንያ ብድግ አደረጉኝ።

ይበልጣል ግድግዳ ተደግፎ ያለከልካል። "እማማ፣ አምስት ኪሎ ይቀንሱ ያልኩዎት ለመውረጃ ብቻ መስሎዎት ነው? ለመነሻም ነበር እኮ!"

"ልጄ፣ አሁን እንዳትሄድ" አልኩት።

"ለምን?"

"ሶላቴ ውስጥ ተናገርኩ። ተበላሽቷል፣ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው።"

"ፍራሹ ላይ ቁጭ ብለሽ ጨርሺው በቃ" አለች ሞሚና፣ ወገቧን ይዛ።

"ዓመት ሙሉ ቁጭ ብያለሁ" አልኳት።

ይበልጣል ትንሽ አሰበ። "ስንት ጊዜ ነው ወደ ታች የሚወርዱት?" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። ዙሁር አራት ረከዓ፣ አራት ዙር ነው፣ በየረከዓው ሁለት ሱጁድ። ሞሚና ቆጥራ ነገረችው። የመጨረሻውን ሹራብ አወለቀ፣ የጋቢውን ጫፍ እጁ ላይ ጠቀለለው፣ ከኋላዬ ቆመ።

ስልኩ ያን ቀን ስንት እርምጃ እንደቆጠረ አላውቅም። እኔ የቆጠርኩት ሌላ ነው። ከመጀመሪያዋ ሌላ ግንባሬ ስምንት ጊዜ መሬት ነካ፣ ስምንቱንም አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።